ሁለተኛው ወለምታ ከየት ይመጣል?

(ሐዋሳ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ኳስ ለሚጫወቱ፣ ጠዋት ለሚሮጡና ታቦር ተራራን ለሚወጡ ሰዎች ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ። መጨረሻ ላይ ከተነሱት ጥያቄዎች ጥቂቱን ጨምሬበታለሁ።)

እንደምን አደራችሁ። ፀሐይዋ ሳትከር እንጀምር።

ሜዳ ላይ ሰው ሲወድቅ ምን እንደሚሆን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ልጁ ለቴስታ ይዘላል። ሲወርድ የሌላ ሰው እግር ላይ ያርፋል። ቁርጭምጭሚቱ ወደ ውስጥ ይታጠፍና መሬት ላይ ይንከባለላል። ወዲያው ሜዳው ሙሉ ይከበዋል። አንዱ ታኬታውን ያወልቃል፣ አንዱ ውሃ ያፈስበታል፣ ሌላው ደግሞ ማን እንደሾመው ሳይታወቅ እግሩን ይዞ መጎተት ይጀምራል። "ተነስና ርገጥበት፣ ሲሞቅህ ይለቅሃል" የሚልም አይጠፋም። ልጁ እያነከሰ ቤቱ ይገባል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ ሜዳ ላይ ነው። ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ ያው እግር፣ ያው ቦታ።

ዛሬ የማወራችሁ በዋናነት ስለዚያ ስለ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ወለምታ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ሰው እግር ላይ ማረፍን ማን ያስቀራል? ሁለተኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ሕመሙ ሲተው ሕክምናውንም አብረን ስለምንተው ነው።

መጀመሪያ ዕቃውን እንየው። እስቲ ጎንበስ በሉና ቁርጭምጭሚታችሁን ዳብሱ። ግራና ቀኝ ሁለት ጉብታ ታገኛላችሁ። እነዚህ ከላይ የወረዱት የሁለቱ የቅልጥም አጥንቶች ጫፎች ናቸው። የውጨኛው ከውስጠኛው ዝቅ ብሎ ይወርዳል። በሁለቱ መሃል ሦስተኛ አጥንት ገብቷል፤ ታለስ ይባላል። ታለስ ሽብልቅ በሉት፤ ፊቱ ሰፊ፣ ኋላው ጠበብ ያለ ነው። እግራችሁ መሬት ላይ ተደላድሎ ሲቆም ሰፊው ክፍል በሁለቱ ጉብታዎች መሃል ጥብቅ ብሎ ይቀመጣል። ጣታችሁ ወደ ታች ሲያመለክት ግን ጠባቡ ክፍል ይመጣል፤ መገጣጠሚያውም ይላላል። ከዝላይ ስታርፉ፣ ከታቦር ስትወርዱ፣ ሂል ጫማ ስታደርጉ፣ ከባጃጅ ወርዳችሁ አስፋልቱ ነው ያላችሁት ዲች ሲሆን፣ በሁሉም እግሩ ያለው እዚያ የላላ አቋም ላይ ነው።

አጥንቶቹን አስሮ የያዛቸው ጅማት ነው። በውስጥ በኩል ያለው ሰፊና ወፍራም ነው፤ በቀላሉ አይበጠስም። በውጭ በኩል ያሉት ሦስቱ ቀጠን ይላሉ። እግር ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ቀድሞ የሚጎዳው ከውጨኛው ጉብታ ፊት ለፊት ያለው ነው። ጣታችሁን ከጉብታው ትንሽ ወደ ፊትና ወደ ታች አድርጉ። እዚያ ነው። ከዚህ በፊት ወለም ያላችሁ ሰዎች ቦታውን ሳልነግራችሁም ታውቁታላችሁ።

ጉዳቱ ሦስት ደረጃ አለው። ጅማቱ ተለጥጦ ሊቀር ይችላል፣ በከፊል ሊቀደድ ይችላል፣ ጨርሶም ሊበጠስ ይችላል። ቀላሉ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ይፈጃል። መካከለኛው ከወር በላይ ሊሄድ ይችላል። ከባዱ ሦስት ወርና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል። አንድ ነገር ልጨምር፤ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ጣታችሁ አካባቢ ሰማያዊ ሆኖ ብታዩ አትደንግጡ። ውስጥ የፈሰሰው ደም በስበት ወደ ታች ወርዶ ነው እንጂ አዲስ ጉዳት አልመጣም።

አሁን ወደ ትልቁ ጥያቄ። ተሰብሯል ወይስ አልተሰበረም? ብዙ ሰው በእብጠቱ ይፈርዳል። እብጠት ግን ጥሩ ዳኛ አይደለም። ሎሚ የሚያህል አብጦ አጥንቱ ደህና የሆነ አለ፤ እምብዛም ሳያብጥ የተሰነጠቀም አለ። ሁሉም ሰው ራጅ ይነሳ ማለት ደግሞ ገንዘብም ጊዜም ይበላል። ይህ የእኛ ብቻ ችግር አልነበረም። ካናዳ ኦታዋ ውስጥ ዶክተር ኢያን ስቲልና ባልደረቦቹ በ1992 እ.ኤ.አ. አንድ ቀላል ደንብ አወጡ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የድንገተኛ ክፍል ሐኪሞች ይጠቀሙበታል። እናንተም ብታውቁት አይከፋም።

ቁርጭምጭሚት አካባቢ የሚያም ከሆነ እነዚህን እዩ። የሁለቱን ጉብታዎች የኋላ ጠርዝ ከጫፋቸው ጀምራችሁ ወደ ላይ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል በጣት ተጫኑ፤ አራት ጣት ቢሆን ነው። አጥንቱ ራሱ ሲነካ የሚያም ከሆነ ራጅ ያስፈልጋል። የእግራችሁን ውጨኛ ጠርዝ ተከተሉ፤ ከትንሿ ጣት ወደ ተረከዝ ስትሄዱ መሃል ላይ ጎላ ያለ አጥንት አለ። በውስጥ በኩልም ከጉብታው ወደ ፊት እግሩ መሃል ላይ አንድ አለ። ከሁለቱ አንዱ ሲነካ ካመመ፣ አሁንም ራጅ። በመጨረሻ፣ በወደቃችሁበት ሰዓትም፣ ሐኪም ፊት ስትደርሱም፣ ሁለቱንም ጊዜ አራት እርምጃ መራመድ ካቃታችሁ፣ እያነከሳችሁም ቢሆን ማለቴ ነው፣ ራጅ። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ አጥንት የመሰበሩ ዕድል እጅግ አነስተኛ ነው።

ደንቡ የማይሠራባቸው ሰዎች አሉ። የጠጣ ሰው ሕመሙን በትክክል አይነግራችሁም። ስኳር ያለበትና እግሩ የደነዘዘም እንደዚያው። ስኳር ያለበት ሰው ቁርጭምጭሚቱ ቀልቶ፣ ሞቆ፣ አብጦ ብዙም ካላመመው "ወለምታ ነው" ብሎ መተው የለበትም። አጥንቱ ሳይሰማው እየተጎዳ ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ይታይ። ልጆችም ለየት ይላሉ። በማደግ ላይ ያለ ልጅ አጥንቱ ጫፍ ላይ ለስላሳ የዕድገት ክፍል አለው፤ ከጅማቱ ይልቅ እሱ ሊጎዳ ይችላል። ልጃችሁ የጉብታው አጥንት ሲነካ ከጮኸ አዳሬ ሆስፒታልም ሆነ ሪፈራል ሆስፒታል፣ የቀረባችሁ ቦታ ውሰዱት።

ወደ ወጌሻ ጉዳይ ልምጣ። አሁን ፊታችሁ ሲቀያየር አያለሁ። ወጌሻን መናቅ አልፈልግም። ሐኪም ባልነበረበት ዘመን ስንቱን ሰው በእግሩ ያቆሙ ናቸው። ቅርብ ናቸው፣ ዋጋቸው አይጎዳም፣ ቀጠሮ የላቸውም፣ ያጽናናሉ። የቡድናችንን የሕክምና ሰው ራሱ ወጌሻ እያልን አይደል የምንጠራው። ግን የሚደረገውን ነገር አንድ በአንድ እንየው።

ቅቤ ወይም ቅባት ይቀባል። ሞቅ ባለ ውሃ ይታሻል። አውራ ጣት እብጠቱ ላይ ገብቶ ይጨምቃል። ከዚያ ተረከዙ በአንድ እጅ፣ የእግሩ ጫፍ በሌላው እጅ ይያዝና ድንገት ይሳባል። "ቋ!" ይላል። "ገባ!" ይባላል፤ ቤቱ ሁሉ እፎይ ይላል። ችግሩ፣ ወለምታ ላይ የወጣ አጥንት የለም። ያልወጣ ነገር ደግሞ አይገባም። ያ ድምፅ መገጣጠሚያው ውስጥ ባለው ፈሳሽ የሚፈጠር የጋዝ አረፋ ነው፤ ጣታችሁን ስታንቋቁ የምትሰሙት ራሱ። በከፊል ተቀድዶ የነበረውን ጅማት ግን ያ አሳሳብ ሊጨርሰው ይችላል። በእርግጥ ቁርጭምጭሚት ከቦታው የሚወጣበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ግን አብዛኛውን ጊዜ ስብራት አብሮት አለ፣ እግሩም ጠሞ በዓይን ይታያል። እሱ ሩጫ ወደ ሆስፒታል ነው እንጂ የሚጎተት አይደለም።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ማሸቱ አይደለም፤ ማሰሩ ነው። በቀርከሃ ወይም በሸምበቆ ጠበቅ አድርጎ ማሰር የደም ዝውውሩን ያቆመዋል። በአገራችን ሆስፒታሎች በዚህ ምክንያት እጅና እግራቸው የተቆረጠ ሰዎች፣ በተለይ ልጆች፣ ታይተዋል። የታሰረ እግር ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ጣቶቹ ከደነዘዙ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ከጠቆሩ ማንንም ሳታስፈቅዱ ፍቱት። ሌሊትም ቢሆን።

እንግዲህ ወለምታ መሆኑ ታወቀ እንበል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት ምን እናድርግ? ከመጀመሪያው ቀን ሙቅ ውሃ፣ ማሸትና አልኮል ይቅሩ። ሦስቱም እብጠቱን ይጨምራሉ። ቢራዋን ለሌላ ቅዳሜ አቆዩአት።

በረዶን በተመለከተ ክርክር አለ። በ1978 እ.ኤ.አ. ጌብ ሚርኪን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም "እረፍት፣ በረዶ፣ ማሰር፣ ከፍ ማድረግ" የሚለውን ቀመር አስተዋወቀ። ዓለም ሁሉ ተቀበለው። ይኸው ሰው በ2014 እ.ኤ.አ. በረዶና ሙሉ እረፍት ማገገምን ሊያዘገዩ ይችላሉ ብሎ ሐሳቡን ቀየረ። እኔ የምላችሁ፣ በረዶ ሕመም ያስታግሳል፤ ጅማት ግን አይቀጥልም። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ሁለት ቀን ለሕመሙ ተጠቀሙበት። ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡ፤ ወይም ዓሣ ከሚሸጡት ትንሽ በረዶ ለምኑ። በስስ ፎጣ ጠቅልላችሁ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያዙበት። በባዶ ቆዳ ላይ አታድርጉት፤ ያቃጥላል። መብራት ከሌለ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ይበቃል።

ላስቲክ ያለው ፋሻ ካላችሁ ከጣቶቹ ሥር ጀምሩ። በተረከዙ ዙሪያ እንደ 8 ቁጥር እያዞራችሁ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ጨርሱ። ጣቶቹ ውጭ ይቅሩ። የአውራ ጣቱን ጥፍር ተጫኑና ልቀቁ፤ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ካልቀላ ጠብቋል። ስትተኙ ፍቱት። ስትቀመጡ እግራችሁን ትራስ ላይ ከልባችሁ ከፍታ በላይ አድርጉ። መርገጥ ካስቸገረ ክራንች ያዙ። አንድ ምርኩዝ ብቻ ከሆነ በጤነኛው እግር በኩል ያዙት። ሁሉም ሰው በታመመው በኩል ይይዛል፤ ያ ክብደቱን ሁሉ መልሶ የተጎዳው እግር ላይ ይጥለዋል።

ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል። የዲክሎፌናክ ጄልም ለወለምታ ጥሩ ነው፤ ሳትፈትጉ ቀባ ማድረግ ብቻ። የዲክሎፌናክ ወይም የአይቡፕሮፌን ክኒን ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም ግፊት ላለበትና ለነፍሰ ጡር ያለ ሐኪም ምክር አይሆንም። መርፌ ካልተወጋሁ አልታከምኩም የምትሉም አላችሁ። መርፌው ሕመሙን ያደነዝዛል እንጂ ጅማቱ ጋ ሄዶ አይሰፋም። ተወግቶ ወደ ሜዳ መመለስ ደግሞ ሁለተኛውን ወለምታ በገንዘብ መግዛት ነው።

አሁን ዋናው ላይ ደርሰናል። በጥናቶች እስከ 40 በመቶ የሚደርሱ ወለምታ የደረሰባቸው ሰዎች በኋላ ላይ "ይከዳኛል" የሚሉት ቁርጭምጭሚት ይቀራቸዋል። ለምን? ጅማት ውስጥ ነርቮች አሉ። እግራችሁ እንዴት እንደቆመ፣ ወዴት እንዳዘነበለ ሳታዩት ለአንጎል የሚነግሩት እነሱ ናቸው። ጅማቱ ሲቀደድ እነሱም ይጎዳሉ። ሕመሙና እብጠቱ ይጠፋል፣ መልእክቱ ግን ዘግይቶና ተዛብቶ ይደርሳል። እግር ወለም የሚለው ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ነው። መታጠፍ ከጀመረ በኋላ ጡንቻ ደርሶ አያድነውም። የሚያድነው እግሩ መሬት ከመንካቱ በፊት በትክክል መዘጋጀቱ ነው። ያ ዝግጅት በልምምድ ይመለሳል። ክኒንም ቅቤም አይመልሰውም። ቀደም ብሎ ወለም ማለት ለሚቀጥለው ወለምታ ትልቁ ምክንያት የሆነው በዚህ ነው።

ስለዚህ ሕመሙ እንደፈቀደ፣ ብዙ ጊዜ ከሁለተኛው ሦስተኛው ቀን ጀምሮ፣ እግሩ ይንቀሳቀስ። ተቀምጣችሁ በአውራ ጣታችሁ አየር ላይ ፊደል ጻፉ። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያላችሁ እስከ ፐ። ሰባቱንም ቤት አትጻፉ፤ 231 ፊደል ስትጨርሱ ይመሻል። ቀጥሎ ካላማዳሪ ፈልጉ። ሐዋሳ ላይ አሮጌ የሳይክል ካላማዳሪ የሌለው ጥገና ቤት የለም። አንድ ቁራጭ ቆርጠው ይሰጧችኋል። አልጋ እግር ላይ እሰሩት፣ በሌላው ጫፍ የእግራችሁን ፊት አስገቡ፣ ወደ ውጭ ሳቡት። 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ቀስ ብላችሁ መልሱት፤ ሲመለስ ካላማዳሪው አይጎትታችሁ። ይህ በቅልጥማችሁ ውጨኛ ጎን ያሉትን ጡንቻዎች ያጠነክራል። እግር ወደ ውስጥ እንዳይታጠፍ የሚከላከሉት እነሱ ናቸው።

ከዚያ ሚዛን። ግድግዳ አጠገብ በተጎዳው እግር ብቻ 30 ሰከንድ ቁሙ። ጥርሳችሁን ስትቦርሹ ልታደርጉት ትችላላችሁ። ቁርጭምጭሚታችሁን እዩት፤ ወዲያ ወዲህ ሲንቀጠቀጥ፣ ጅማቶቹ ከቆዳው ሥር ሲወጡና ሲገቡ ይታያሉ። እየተማረ ነው፤ ተውት። 30 ሰከንዱ ሲቀል ዓይናችሁን ጨፍኑ። ዓይን ሲጨፈን ስንቱ ጎበዝ እንደሚወድቅ ታያላችሁ። እሱም ሲቀል የታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ ቁሙ። ቀጥሎ ጓደኛችሁ ኳስ ይወርውርላችሁ። በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ፣ ቢያንስ ለስድስት ሳምንት። ሕመሙ በአሥረኛው ቀን ቢጠፋም ስድስቱን ሳምንት ጨርሱ።

መቼ ሜዳ ልመለስ? ለሚለው የቀን መቁጠሪያ አትዩ። በተጎዳው እግር ብቻ ዝለሉ፤ ከጤነኛው እኩል ካልሆነ ገና ነው። ቀጥታ ሩጡ። ከዚያ 8 ቁጥር እየሠራችሁ ሩጡ፣ ድንገት ቆማችሁ ዙሩ። ይህን ሁሉ ያለ ሕመምና ያለ ፍርሃት ካለፋችሁ ግቡ። ፍርሃቱን አትናቁት። እግሩን የማያምን ተጫዋች ሌላውን እግሩን ይጎዳል።

ከወለምታ ጋር የሚምታታ አንድ ጉዳት ላንሳ፤ በተለይ ሠላሳውን ላለፋችሁ የቅዳሜ ተጫዋቾች። ድንገት ስትነሱ ከተረከዝ በላይ "ጧ" ይላል። ሰው የመታችሁ መስሏችሁ ዞር ትላላችሁ፤ ማንም የለም። ይህ የአኪለስ ጅማት መበጠስ ነው። በሆዳችሁ ተኙና ባታችሁን ሰው ይጭመቅ። የእግራችሁ ጫፍ ካልተንቀሳቀሰ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ። እግረ መንገዴን፣ ሲፕሮ የምትሉት መድኃኒት ይህን ጅማት የመበጠስ አደጋን ከፍ ያደርጋል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2008 እ.ኤ.አ. ከባዱን ማስጠንቀቂያ አስለጥፎበታል። ሆዳችንን በቆረጠን ቁጥር ከፋርማሲ ገዝተን የምንውጠው ነገር አይደለም። በሐኪም ትእዛዝ እየወሰዳችሁ ከሆነም በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ተረከዛችሁን ካመማችሁ ስፖርቱን አቁማችሁ ለሐኪሙ ንገሩት።

መከላከሉ ላይ አጭር እሆናለሁ። ፊፋ 11+ የሚባል የ20 ደቂቃ ማሟሟቂያ አለ። ሩጫ፣ የጥንካሬና የሚዛን እንቅስቃሴ፣ ከዚያ ፈጣን ሩጫ። ኳስና ሜዳ እንጂ ሌላ ዕቃ አይፈልግም። ኖርዌይ ውስጥ በወጣት ሴት ተጫዋቾች ተሞክሮ በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት አጠቃላይ ጉዳት በሲሶ ገደማ መቀነሱን አሳይቷል። እኛ ግን ማሟሟቂያ ማለት ጎል ላይ ተራ በተራ መምታት ይመስለናል።

ጫማ ላይ፣ ሳልባጅ ስኒከር ስትገዙ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ከኋላ እዩት። ተረከዙ ወደ ውጭ ካዘመመ የቀድሞ ባለቤቱ አጣምሞ በልቶታል፤ እናንተንም ወደዚያው ያዘማችኋል። ምንም ያህል ቢያምር ተዉት። ታቦርን ስትወርዱ ደግሞ እርምጃችሁን አሳጥሩ፣ ጉልበታችሁን አላሉ፣ ስልካችሁን ኪስ ክተቱ። ሲወጡ የደከመ ባት ሲወርዱ ነው የሚከዳው።

ጥያቄዎቹ ጥሩ ነበሩ። አንድ ወጣት የቁርጭምጭሚት ማሰሪያ አድርጎ መጫወት እግር ያሰንፋል ወይ አለ። አያሰንፍም። ከዚህ በፊት ወለም ላለው ሰው ማሰሪያም ሆነ ቴፕ የሚደገመውን ወለምታ ይቀንሳል። ልምምዱን ተክቶ እንዲሠራ ግን አትጠብቁ።

አንድ ጋሼ ጀሶ ካልታሰረልኝ አይድንም ብለው ተከራከሩኝ። ለአብዛኛው ወለምታ ጀሶ አያስፈልግም ጋሼ፤ ቶሎ የሚያንቀሳቅስ ሰው ቶሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ለከባዱ ዓይነት ሐኪም ለአሥር ቀን ያህል ሊያስር ይችላል፤ በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ የእንግሊዝ ጥናትም ይህን ይደግፋል። በወር የሚቆጠር ጀሶ ግን ባቱን አቅጥኖ መገጣጠሚያውን ያደርቀዋል።

አንዲት እናት መጨረሻ ላይ ተነሱ። "እኔ ኳስም አልጫወት፣ ተራራም አልወጣ። ኮብልስቶን ላይ ነው በየጊዜው የሚያዳልጠኝ። ይህ ሁሉ እኔንም ይመለከታል?" አሉ። አዎ እናቴ፣ በተለይ እርስዎን። ዕድሜ ሲጨምር ሚዛን ይቀንሳል። ጠዋት ቡናው እስኪፈላ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ይዘው በአንድ እግር ይቁሙ፣ ከዚያ በሌላው። መጀመሪያ በሁለት እጅ ይያዙ፣ በሳምንቱ በአንድ እጅ፣ ቀጥሎ በአንድ ጣት። ዓይንዎን ግን አይጨፍኑ፤ እሱን ለልጆቹ ይተዉላቸው።